የስለቱ ኳስ

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

ዝናብ። 159 ቁጥር አውቶቡስ አምልጦኝ ዘግይቼ ገባሁ። አለቃዬ ሚስተር ፔንድል ሰዓታቸውን አዩ። ቀኑን ሙሉ የአንድ ሟች ሐኪም ደብዳቤዎች ስመዘግብ ዋልኩ። እዚህ ለንደን፣ የጥንት ዕቃ ጨረታ ቤቱ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ... ሁለቱን ዓመት ዕቃ ስሸከም፣ ሁለቱን በአጉሊ መነጽር ፊርማ ስመረምር። ወገቤ አረፈ፣ ድካሙን ዓይኔ ተረከበ።

ቤት ስገባ አባባ ሻንጣቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ እሑድ እንደሚውል ቆጥረው ደርሰውበታል። "ስለቴን የማገባው ያኔ ነው" አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ያን ፊርማ ያለበትን ኳሳቸውን ፈትተው አሳዩኝ።

እኔ ረስቼው ነበር። እሳቸው አምስት ዓመት ሙሉ አልረሱም።

ጥቅምት 17

ታሪኩን ልጻፈው፣ ለራሴም ይጥራልኝ።

አባባ በአሥራ አምስት ዓመታቸው አስመራ፣ የአሜሪካኖቹ ካምፕ ውስጥ፣ ከአጥር የወጣ የቤዝቦል ኳስ እየሮጡ ይመልሱ ነበር። አንድ ቀን ወታደሮቹን ሊያጫውት ኤልሮይ ታተም የሚባል ስመ ጥር ተጫዋች መጣ። ግራኝ ነው። አንዱን ኳስ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመና ሰጣቸው። ይኸው ሃምሳ ዓመት። ቤታችን ወርቅ አልነበረም፣ ይሄ ኳስ ነበር። በችግሩም ጊዜ አልሸጡትም።

በ98፣ ከምርጫው በኋላ፣ ከሰፈር ወጣቱን ሲያፍሱ እኔም ታፈስኩ። አርባ አንድ ቀን የት እንዳለሁ አያውቁም። ያኔ ለሚካኤል ተሳሉ። "ልጄ ያለ ስጋት ወጥታ ስትገባ ካሳየኸኝ፣ እሷ በምትሳለምበት ደጅህ ይሄን አገባለሁ።" ተፈታሁ። በዓመቱ ለንደን ገባሁ። እሳቸው ደግሞ ሐምሌ ላይ በስድስት ወር ቪዛ መጡ፣ ወጥቼ ስገባም አዩ። ታኅሣሥ ላይ ይመለሳሉ። ከዚህ ሚካኤል ሌላ ሚካኤል የላቸውም።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጋሽ ኪዳኔ ያዙኝ። የስለት ዕቃ በበዓሉ ቀን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ለሚካኤል" ብሎ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይጫረታሉ። አምና አንድ ጃንጥላ አምስት ጊዜ ተሸጧል። ግን አምናውኑ ወርቅ የተባለ መስቀል ነሐስ ሆኖ ተገኝቶ ነበር... ጋሽ ኪዳኔ ከዚያ ወዲህ ጥላቸውንም አያምኑም።

"ውቢት፣ ሥራሽ እኮ ነው። በደንብ ቼክ አድርጊና እውነተኛ ነው ብለሽ በስምሽ ወረቀት ጻፊልን።"

እሺ አልኩ። አባባ አጠገቤ ቆመው ፈገግ እያሉ ምን ልበል?

ጥቅምት 25

አባባ ገበያ ሲወጡ ኳሱን ፈትቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት።

አልወደድኩትም። መልሼ ጠቀለልኩት።

ጥቅምት 26

ይሁን፣ ልጻፈው። ቆዳው ከመጠን በላይ ነጭ ነው። ቀለሙ ደማቅ ሰማያዊ። ሃምሳ ዓመት የኖረ ቀለም እንዲህ ይደምቃል? መስመሩ ደግሞ በየፊደሉ ይቆማል... ይነሣል... ይቆማል። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን በአንድ ደቂቃ "የውሸት" ብዬ ሳጥን ውስጥ እመልሰው ነበር።

ጥቅምት 29፣ ሰኞ

ሚስተር ፔንድል ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የጓደኛዬ ነው አልኳቸው። የገዛ አባቴን ጓደኛ ብዬ ካድኩ። ለምን?

ፋይላቸው ውስጥ የኤልሮይ ታተም ፊርማ ያለባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ፎቶ አለ። አመሳከሩ። ብዙም አልቆዩ።

"ስሙን የሚጽፍ ሰው አያስብም፣ እጁ ይሮጣል። ይሄ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል። ተመልከች፣ የፈራ እጅ ነው። የአስመሳይ እጅ።"

እኔን ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ትምህርት ይሄው ነበር፣ የፈራ እጅ ፈልጊ። አመስግኜ ወጣሁ።

እዚህ አገር እንደገባሁ ከእስር የተፈታሁበትን ወረቀት አንዲት የጥገኝነት ጉዳይ መርማሪ ሴትዮ ወደ መብራት ከፍ አድርጋ አገላብጣዋለች። እውነተኛነቱን እንጠራጠራለን አሉኝ። እስክታመን መንፈቅ ፈጀ። አሁን እኔ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የአባቴን ኳስ ወደ መብራት...

ኅዳር 2

አባባ ለኳሱ መቀመጫ ቀይ ከፋይ ገዝተው መጡ። በእጃቸው እየሰፉ ያዜማሉ። ክሩን መርፌ ውስጥ የማስገባላቸው እኔ ነኝ፣ ዓይናቸው አይሠራም።

ዋሽተው ይሆን? አባባ ዋሽተው ያውቃሉ? ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንዴም አልተለወጠም። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ በግራ እጁ። ወይስ ያ ሰውዬ ነው ያታለላቸው? በታተም ስም ሌላ ወታደር ፈርሞ ለልጅ ቢሰጥ ማን ያውቃል?

ምሳ አልበላልኝ አለ። ጋሽ ኪዳኔ ሁለቴ ደውለዋል። አላነሣሁም።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ጠየቅኳቸው። በእሳቸው ፊት ከማስመሰል ይሻላል ብዬ።

"አባባ፣ ይሄ ኳስ ታጥቦ ያውቃል እንዴ?"

"የተሳልኩ ዕለት ነዋ። በኦሞና በጥርስ ብሩሽ። የሃምሳ ዓመት እድፍ ይዞ ታቦት ፊት ይቀርባል? ነውር ያለበት መባ አይሰጥም፣ ልጄ።"

"ስሙስ?"

"ደበዘዘብኝ። ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ቢክ እስክሪብቶ አመጣሁና በላዩ ደገምኩበት። ቀስ ብዬ ነው ታዲያ፣ መስመሩን አልለቀቅኩም።"

ኩራት አለበት አነጋገራቸው። ሊያጌጡ ይመላለጡ ይሉት ይሄ ነው። ማጀት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። አልዋሹም! ግን ማን ያምነኛል? የዓለም የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሁሉ እድፉን እንኳ አይነካም። የእኛ ሰው ግን ለሚካኤል ሲሆን አጥቦ፣ አድሶ...

ኅዳር 8

ለሚስተር ፔንድል እውነቱን ተናገርኩ። የአባቴ ነው፣ ባለፈው ዋሽቻለሁ አልኩ። ቅንድባቸውን አነሡ እንጂ አልተቆጡም። ክፍሉን አጨልመው አንዲት ትንሽ መብራት በጎን በኩል አስጠግተው አበሩ።

ታየ። ከአባባ ቀለም ሥር፣ ቆዳው ላይ፣ የቆየ የብዕር ጭረት አለ። ሳይቆም የሮጠ፣ ወደ ግራ የተጋደመ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ አባባ ስተውት ለብቻው ወጥቷል።

ሚስተር ፔንድል ጭረቱን ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዩት። ከሥር ያለው የታተም እጅ ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ከእንግዲህ እውነተኛ ነው ብሎ ማንም ደፍሮ እንደማይፈርም ነገሩኝ። አባትሽ ትልቅ ነገር አበላሹ አሉ፣ በሐዘኔታ።

ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። ሊሆን ይችላል ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም። ጋሽ ኪዳኔ የሚፈልጉት ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል የሚል ቃል የለም።

ኅዳር 10

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። "እውነተኛ ነው" ብዬ ብጽፍስ? ማን ያጣራል? አባባ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ቤተክርስቲያኑም ይጠቀማል።

ግን ታቦት ፊት በስሜ ፈርሜ... አልችልም።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ማጠባቸውን፣ መድገማቸውን፣ አሁን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል።

ኳሱን ከከፋዩ ላይ አንሥተው ብዙ አገላበጡት።

"ታዲያ ሚካኤልን አሞኘሁት?"

"አይ አባባ..."

"ስለቴ ካልደረሰ አንቺስ? የተለቀቅሽው በዚህ እኮ ነው። ነገ እኔ ስሄድ በማን አደራ ነው የምትቀሪው?"

የፈሩት ለኳሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው። እጃቸውን አየሁት። ይንቀጠቀጣል። ከፋዩን ቀጥ አድርጎ የሰፋው እጅ... ያኔ እስክሪብቶውን የያዘው ይሄ እጅ ነው። አርባ አንድ ቀን የት እንዳለሁ ሳያውቅ።

ተነሥቼ ወረቀቱን ጻፍኩ።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ኪዳኔ ወረቀቱን ተቀብለው በልባቸው አነበቡት፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ይቅርብን፣ ኳሱን እናዘግየው ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። አባባ ግን ሰሙ። "የጻፈችውን ታንብበው፣ ሰው ይፍረድ" አሉ። ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኩ። አነበብኩ፦

"በዚህ ኳስ ላይ መጀመሪያ የፈረመው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ማለት አልችልም። በላዩ የደገመው አባቴ ኃይለመለኮት ነው። እኔ ታስሬ ሳለሁ፣ ለሚካኤል ሲሳል፣ አጥቦ በገዛ እጁ ጻፈው። መስመሩ የሚንቀጠቀጠው ስለ እኔ ፈርቶ ነው። ይሄ የአባቴ እጅ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ውብነሽ ኃይለመለኮት።"

ወረቀቱን አጠፍኩ። አባባን ማየት ፈራሁ።

መጀመሪያ የተነሡት እማማ አልታየሽ ናቸው፣ ወንድ ልጃቸው በዚያው አፈሳ ሄዶ ሳይመለስ የቀረባቸው። ሃያ ፓውንድ ጠሩ። ከዚያ ከኋላ ሌላ ሰው ጨመረ። ከዚያ ሌላ። ሲያልቅ ያሸነፈው ሰው ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ "ለሚካኤል" ብሎ መለሰው። እንደገና። አሁንም እንደገና። ጋሽ ኪዳኔ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ።

በአራተኛው ጨረታ ያሸነፈውም መለሰው፣ ኳሱ ከነከፋዩ የቤተክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገባ። አባባ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰገዱ፣ ደግፌ አነሣኋቸው። "ደረሰልኝ" አሉኝ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ፀሐይ ወጥታለች። አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ። አባባ ትናንት እስከ ረፋድ ተኙ፣ እዚህ ከመጡ እንዲህ ተኝተው አያውቁም።

ሚስተር ፔንድል ኳሱ ተሸጠ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አራት ጊዜ አልኳቸው። ማን ወሰደው? ማንም። ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ሻያቸው ቀዘቀዘ፣ አልገባቸውም።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ፋይል መጣ። የአንድ የጦር መርከብ መኮንን ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ ከነፊርማው። ሚስተር ፔንድል ገና እንዳዩት መነጽራቸውን አወለቁ። የፈራ እጅ ነው፣ መልሽው አሉኝ።

አልመለስኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ በጦርነት ላይ ሳለ ይሆን ብዬ የተጻፈበትን ቀን ፈለግሁ።

"ምን ፈርቶ ይሆን?" አልኳቸው።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።