ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

በስንት ደጅ ጥናት ያገኘሁት የልብ ሐኪም ቀጠሮ ዛሬ ነበር። አባባን ይዤ ከሮቤ ጎባ ሄድኩ። «አንቺ ውጭ ጠብቂኝ» ብለው ብቻቸውን ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ፈገግ ብለው ወጡ።

«ጨዋ ልጅ ነው። እንዴት ነዎት አለኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አልኩት።»

«ደረቴን ያፍነኛል አላሉትም?»

«ሰው ሰላም ሲልሽ ሕመም ይዘረገፍበታል እንዴ?»

ሐኪሙም «ካመመዎት ይመለሱ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ንድድ አለኝ። ሌላ ቀጠሮ ለማስያዝ ብደውል ስልኩ አይነሳም። አዲስ አበባ ልውሰዳቸው? እሺስ ይሉኛል?

ከባጃጅ ወርደን በራችን እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ቆሙ።

«ምነው አባባ?»

«ተራራውን እያየሁ ነው።»

ተራራው ከጠዋት ጀምሮ በጉም እንደተሸፈነ ነው።