የኪልበራን በሮች ሁሉ፦ ስለ ወይዘሪት ዴሊያ ሩዌን ዕረፍትና ስለ ሦስተኛው ጥያቄ

የኪልበራን አጥቢያ የገና ቅርጫት ማኅበር መሥራችና ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አስተባባሪ የነበሩት ወይዘሪት ዴሊያ ሩዌን እሑድ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2025፣ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ትናንት፣ ረቡዕ፣ በአጥቢያችን መካነ መቃብር ተፈጽሟል። ማኅበራችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ሥጋትም ተሰምቶታል፤ ምክንያቱን ከታች እንገልጻለን።

ወይዘሪት ዴሊያ ከባሕሩ ዳር ባለው የሩዌኖች ቤት ተወለዱ፤ እዚያው ኖሩ፤ እዚያው አረፉ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የአጥቢያችን ፖስታ አዳይ ነበሩ። የሰው ደብዳቤ ከፍተው አያውቁም። የማን ጭስ ማውጫ ጠዋት እንደማይጨስ ግን ያውቁ ነበር።

በ1987 የዓሣ ፋብሪካው ተዘጋ። በዚያ ዓመት፣ በገና ማግስት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን፣ የጭድ ጭንብል አጥልቀው እየጨፈሩ ከቤት ቤት ከሚዞሩት ሰዎች ጋር ወይዘሪት ዴሊያም ጭንብል አጥልቀው ወጡ። ጨፋሪዎቹ እንደ ልማዱ ከየቤቱ ሳንቲም ተቀበሉ። በአንዳንዱ ቤት ግን በር ሥር አንድ ነገር ትተው ሄዱ። ሁሉም ፊቱን ስለሸፈነ ሰጪው አልታወቀም። ጭፈራው አንድም ቤት ሳይዘል ስለዞረ ተቀባዩም አልታወቀም። ማኅበራችን የተመሠረተው በዚያ ቀን ነው። የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ የለንም።

በ1994 አንድ አባላችን ለአንድ ቤት እንዲያደርሱ የተሰጣቸውን ቅርጫት እንደያዙ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። የአሳማ ሥጋው፣ ሻዩ፣ የዘቢብ ኬኩና በገና ዋዜማ መስኮት ላይ የሚበራው ቀይ ሻማ አልተነካም።

«አያስፈልገንም አሉኝ።»

«ስንቴ ጠየቅሃቸው?» አሉ ወይዘሪት ዴሊያ።

«አንዴ።»

«አንተ ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብልህ በመጀመሪያው እሺ ትላለህ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች።»

«በል እንግዲያው ተመለስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን ይህ ብቻ ነው፦ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ኩራት ነው። ሰው እውነቱን የሚናገረው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሦስተኛውም «አይ» ከሆነ ተመስግኖ ይኬዳል።

በ2003 ወይዘሪት ዴሊያ፣ ሴቶች ከቤት ሥራ በሚያርፉበት በጃንዋሪ 6 ቀን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች ለማኅበሩ ሴቶች ሻይ እንዲያፈሉ አደረጉ። ሻዩ አይጠጣም ነበር። ሴቶቹ ጠጥተውታል።

በ2011 ድጋፍ ሊሰጠን የፈለገ አንድ መሥሪያ ቤት የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ጠየቀ። ወይዘሪት ዴሊያ አልሰጡም። «ችግሩ እስከ ፋሲካ ያልፋል፤ ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል» አሉ። ድጋፉ ቀረ። ዝርዝሩም ሳይጻፍ በእርሳቸው ራስ ውስጥ ኖረ፤ ከዚያ ወዲህ ቅርጫቶቹንም ብቻቸውን ያደርሱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አርባ ሦስት ቅርጫት አዳራሹ ውስጥ ተደርድሯል፤ ለየትኞቹ ቤቶች እንደሆነ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ለገና፣ ለዲሴምበር 25፣ ሰባት ቀን ቀርቷል።

አሁን ደግሞ መነገር ያለበትን እንናገራለን። ኖቬምበር 9፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሊቀ መንበራችን አቶ ኮልማን ባሬት፣ የወይዘሪት ዴሊያ የልጅነት ጎረቤት፣ «ዴሊያ፣ ሳልሽን አልወደድኩትም። ነገ ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ» አሏቸው።

«አንተ እየነዳህ? ሳሉ ይሻለኛል።»

በሳምንቱ ደግመው ጠየቁ።

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ። ሂድና ድንቹን ልቀም።»

አቶ ኮልማን ሄደው ድንቹን ለቀሙ። በሦስተኛው እሑድ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ስለ ቅርጫቶቹ ጥብጣብ ቀለም ተነጋገርን። ወይዘሪት ዴሊያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያስሉ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ሦስተኛው ጥያቄ ሕይወታቸውን ያተርፍ ነበር አንልም፤ ሐኪሙም አላለም። የምንለው አልጠየቅንም ነው። ደንቡን ያወጡልንን ሰው በደንቡ አልጠየቅናቸውም።

ትናንት ከቀብር መልስ ተሰበሰብን። የተቸገረ ወደ አዳራሹ መጥቶ እንዲወስድ ማስታወቂያ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ አትራክታ መኔሊ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ማን ይመጣል? እኔ ብሆን አልመጣም።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ፣ አትራክታ?» አሉ አቶ ኮልማን።

«በ2011 ቸግሮኝ ነበር። ሁለቴ እንቢ አልኳት። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር፤ ‹ግቢ› አልኳት። እናንተ በዚያው ሳምንት እዚህ ቁጭ ብላችሁ የእኔን ኬክ ታሙ ነበር።»

ማንም አላወቀም ነበር። ወይዘሮ አትራክታ አሥራ አራት ዓመት አጠገባችን ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ጽፈዋል። ይህን የምናወጣው በፈቃዳቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ አጭር ነበር። ዝርዝር አይፈለግም፤ ማስታወቂያ አይለጠፍም። ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ በአጥቢያችን ያሉትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሮች በሙሉ እናንኳኳለን። የካህኑን ቤት፣ የርእሰ መምህሩን ቤት፣ የሊቀ መንበራችንንም ቤት ጨምሮ። በእያንዳንዱ በር ሦስት ጊዜ እንጠይቃለን። አርባ ሦስቱ ካለቁ ከየቤታችን እንጨምራለን።

የአጥቢያውን ሕዝብ አንድ ነገር እንለምናለን። የማያስፈልጋችሁም በሩን ከፍታችሁ አስገቡን፤ እንቢታችሁንም ምድጃው አጠገብ ንገሩን። ቅርጫቱን ሸፍነን እንገባለን፤ ሙሉም ይሁን ባዶ ሸፍነን እንወጣለን። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የትኛው ቤት እንደተቀበለ እንዳያውቅ ነው። የጭዱን ጭንብል ሥራ በዚህ ዓመት የእናንተ በሮች ይሠሩታል።

ለአጥቢያችን ምእመናን፣ ለቀድሞ የፖስታ ቤት ባልደረቦቻቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አብረዋቸው ይኖሩ ለነበሩት ብቸኛ ወንድማቸው ለአቶ ፌስተስ ሩዌን የሐዘናቸው ተካፋይ መሆናችንን እንገልጻለን። እግዚአብሔር የወይዘሪት ዴሊያን ነፍስ መጠየቅ በማያስፈልግበት ቤት ያሳርፍልን።

አቶ ፌስተስ የገናን ምሳ ከእኛ ጋር እንዲበሉ ትናንት መቃብሩ አጠገብ ጠይቀናቸው ነበር። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» አሉ። በራቸው ድረስ ሸኝተን ደግመን ጠየቅናቸው። «ለእኔ አታስቡ» አሉና ዘጉ።

ማክሰኞ ጠዋት የምናንኳኳው የመጀመሪያው በር የእርሳቸው ነው።

የኪልበራን አጥቢያ የገና ቅርጫት ማኅበር
ዲሴምበር 18 ቀን 2025