ወደ ዮናስ ሰርግ

ሴንት አልባንስ፣ ሜልቦርን፣ ቅዳሜ ሐምሌ 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ዛሬም ወደ ኩባ የሚሄድ ርካሽ ቀጥታ በረራ ፍለጋ ሌላ ትኬት ቢሮ ገባሁ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ብዙ ነካካችና፣ "ከሜልቦርን ቀጥታ የሚሄድ የለም፤ ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ትቀይሪያለሽ" አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ አመስግኜ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ይህን የማወራለት ሰው እንኳ አጠገቤ አልነበረም።

ወንድሜ ዮናስ አባታችን ጦር ሜዳ ሲሞት ነው ከሌሎች የዘማች ልጆች ጋር ለትምህርት ወደ ኩባ የተላከው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። እዚያው ቀርቶ አሁን ሊያገባ ነው፤ ከእኔ ሌላ ዘመድ የለውም።

ቤት ገብቼ ደወልኩለት። እንደማልመጣ ልነግረው ነበር። አማርኛው ግን በሄደበት ዕድሜ ላይ ቆሟል፤ ሙሽራ ሆኖም እንደ ሕፃን ነው የሚያወራው።

"እትዬ፣ ያለሽበት ሩቅ ነው?" አለኝ።

"ሩቅ አይደለም።"

"በቃ ትመጫለሽ! በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።"

"እመጣለሁ" አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ ቆየሁ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳሁም። እንደማልመጣ ለመንገር እንደገና መደወል ይኖርብኛል። ለሕፃን ይህን እንዴት ብለው ነው የሚነግሩት...