ከድንጋይ ሥር የተገኙት ፕላስቲኮች

ጠዳ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ጉልበትዎ ከማኅሌቱ ጋር እንዴት ሰነበተ? እናቴስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የላኩልኝን ማር ባልደረባዬ ይመኙሽ ለሳሌ መድኃኒት ነው እያለች ግማሹን ጨርሳዋለች።

በመስከረም መጨረሻ የጸደቀውን ችግኝ ልቆጥር ወደ እናንተ ወጥቼ ነበር። ቤት ሳልገባ በመመለሴ እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ከምንጩ በላይ ካለው ተዳፋት ስደርስ በሐምሌ ዘመቻ የተተከለው መቶ ያህል ባሕር ዛፍ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ሥሩ ወደ ሰማይ፣ ጫፉ ወደ መሬት። ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ለጎንደር ከተማ ማገዶ ይሆናል ብለን በችግኝ ጣቢያችን ያፈላነው ነው። ከተማው ማገዶ ካጣ በተራራው ላይ የቀረውን ወይራና ኮሶ እንደሚጨርሰው እርስዎም ያውቃሉ።

በግንቦት ነግረውኝ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ከታች ሜዳው ላይ ይሁን፣ ከምንጩ ራስ ከተተከለ ግን ጠበሉን ይጠጣዋል፣ የወይራውን ቡቃያም ያጠፋዋል ብለው። ለኃላፊያችን ይህንኑ አቀረብኩ። እሱ ግን ኮታው ያለ ተዳፋቱ አይሞላም፣ ምንጭ የሚቆጥርልን የለም አለኝ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሆነ ነገራችን።

በማግስቱ ኃላፊያችን ራሱ ሊመጣ ነበር። ያንን ቢያይ አሻጥር ብሎ ሰው ያሳስራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ነቅዬ ገደል ጨመርኩት። ስጨርስ ከትልቁ ድንጋይ ሥር የችግኞቹን ፕላስቲክ አገኘሁ። ሌላው ተካይ ቀዶ ይጥለዋል። እነዚህ ግን ታጥበው፣ አራት ቦታ ታጥፈው፣ በሰንበሌጥ ታስረው ነበር። በቤታችን የስኳር ወረቀት ሳይቀር እንዲህ እያጠፈ የሚያስቀምጥ ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። እርስዎም አይንገሩኝ።

ችግኙ ከጣቢያዬ ሲወጣ ደካማ ነበር፣ አፈሩም ስስ ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ተዳፋቱ ከዕቅድ ወጥቷል። ሜዳው ግን ይቀጥላል፤ እዚያ አደራዎን፣ ሥሩ ወደ ታች ይሁን።

እኔ ከኅዳር ጀምሮ አዲ አርቃይ ነኝ፤ በጣቢያ ኃላፊነት ሳይሆን በተራ ሠራተኛነት። ለእናቴ የጠዳ ብርድ አልስማማት ብሎ ነው ይበሉልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የበቅሎ ነጂው ክንዱ ሠላሳ ችግኝ ይዟል። ለብቻዬ ያሳደግኋቸው ወይራና ኮሶ ናቸው፤ በእነዚያው ፕላስቲኮች አዛውሬያቸዋለሁ። እስከ ሐምሌ ከጥላ ሥር ያጠጧቸውና ከምንጩ ራስ ይትከሉልኝ። ሲተክሉ ግን ስለ እመቤቴ፣ ፕላስቲኩን አጣጥፈው አያስቀምጡ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ ቀደው ይጣሉት።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስለፈረምኩት ውሸት እንደ አባት ሳይሆን እንደ ካህን ይፍቱኝ።

ጉልበትዎን የምትስም
ልጅዎ