ከትርንጎ ቀጥሎ የተቀመጥሁ

ኅዳር 12 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡00

የሚካኤል ማኅበር ዛሬ አቶ ሙሉ ቤት ነበር፣ ከቢቸና ገበያ በላይ። ሰው ሞልቷል። ትምህርት የሰጠሁት እንደ ወትሮው እኔ። ጴጥሮስ ከታንኳ ወርዶ በውኃ ላይ ስለመራመዱ። በእግዚአብሔር የታመነ ሰው የተመቸውን ትቶ ይወጣል አልሁ። እልልታ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጽዋው ዞረ። አጠገቤ ትርንጎ ናት። ባሏ አምና በኤድስ ሞተ፤ እሷም ከስታለች፣ ትስላለች። ጠጥታ ሰጠችኝ። ከንፈሬን አስጠግቼ፣ ሳልቀምስ አሳለፍሁት። በጽዋ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ለመ/ቤታችን ሠራተኞች ያስረዳሁ እኔው ነኝ። አየችኝ።

የታኅሣሡን ማን ይረከባል ሲባል፣ እኔ ቤት ይሁን አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ ይማርሽ፣ ተራው የትም አይሄድም አልኋት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ታንኳው ተመችቶናላ!» አለች።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ትርንጎ ከወጣች በኋላ ጽዋውን አቶ ደምስ ተረከበ።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ ቄስ አየለ መ/ቤት ድረስ መጡ። ትርንጎ ጠበል ልትጠመቅ ሞጣ ሄዳለች፣ ብቻዋን። ውኃ የሚቀዳላት የለም። ሄደህ ጥቂት ቀን ብታስታምማት አሉኝ። ሪፖርት አለብኝ አልሁ። ለባለቤቴ ይህንኑ ስነግራት፣ ባለፈው ሳምንት ያለቀው ሪፖርት ሞቶ ተነሣ እንዴ? አለች።

ኅዳር 18

ሞጣ ለሚሄድ ሾፌር ቆሎና ስኳር ሰጥቼ ላክሁላት። ቀለል አለኝ። ቀለል ስላለኝ ደግሞ አፈርሁ።

ኅዳር 22፣ ሞጣ

ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለው መንገድ አጥንት ይሰብራል። ትርንጎን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከተከራየቻት ክፍል በር ላይ አገኘኋት። ጀሪካን ትጎትታለች። ተቀበልኋት። ጠላ ቀዳችልኝ፣ በሌላ ብርጭቆ።

«ይቺን እኔ አልነካኋትም ጋሼ፣ ሳይሳቀቁ ይጠጡ።»

ቂም የለባትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአንቺው ብርጭቆ ስጪኝ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ጠጣሁ። ስወጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ጽዋውን ማን ተረከበው? ሳልነግራት፣ በማታው መኪና ለመመለስ ቸኮልሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ቢቸና

ማስታወሻዬ፣ ይህን ለማን እነግራለሁ? አቶ ደምስ ቤት ሄድሁ። ያን ዕለት ከትርንጎ በኋላ አልቀመስሁም አልሁት። ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔስ መቼ ቀመስሁ! ከእሷ ወዲህ ማንም አልቀመሰም። አንተን እያየን አይደል እንዴ!»

እኔን እያዩ። እሷ ብቻ ያየችኝ መስሎኝ ነበር። ትምህርቴን ሳይሆን ከንፈሬን ነው የተከተሉት።

ጽዋውን ስጠኝ፣ የታኅሣሡ ማኅበር ሞጣ፣ ትርንጎ ክፍል ይሁን አልሁት። ከቢቸና የወጣ ጽዋ አላየሁም አለ። ማንስ ይመጣል? አላውቅም አልሁ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ፣ በራስህ ኃላፊነት ውሰድ ብሎ ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ማለዳ፣ መናኸሪያ

ቄስ አየለ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ድፎውን አቅፋ አጠገቤ። ከማኅበሩ ሌላ ሰው አልመጣም። የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ ትርንጎ ጠበሏን እስክትጨርስ እዚያው ነኝ።

አሁንም እፈራለሁ፣ ማስታወሻዬ፣ ላንተ ምን እዋሻለሁ። ፍርሃቱ ሲለቀኝ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ከነፍርሃቴ ይቀበለኝ ብዬ ጸለይሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።

ነገ መጀመሪያ ያን ዕለት አልጠጣሁም ብዬ በአፌ እነግራታለሁ። ብታውቀውም። ከዚያ ጽዋውን ከእጇ ተቀብዬ… ረዳቱ ይጮኻል፣ መኪናው ሊነሣ ነው።