በወንዝ ሆድ ውስጥ ስለተከፈተው የብስክሌት መንገድ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ለተከበሩ አቶ ዑራኤል ዳምጤ፣
የ«ወፍራም ጎማ ለገጠር» ፕሮጀክት አስተባባሪ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ተደርድረው የሚያብረቀርቁት ብስክሌቶች በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ ዕድሜዎንም ይህ ክረምት ወጥቶ ሌላ ክረምት እስኪገባ፣ ከዚያም በላይ እንዲያረዝምልዎ እለምናለሁ። ለሁላችንም ክረምቱን መውጣት ዘንድሮ ቀላል ስለማይመስለኝ ነው በክረምት የለካሁት።

ባሂራ ሰይዶ እባላለሁ፤ በቡታጅራ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። ልጄ ዛህራ ሸረፋ፣ መስቃን ወረዳ ውስጥ በአንድ ቆላማ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትሆን፣ ማክሰኞና ዓርብ የክትባት ሳጥን ጭና የምትወርደው እርስዎ በሰጧት ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ነው። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ስብሰባ የማይገባውን የገበያውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ለመጠቀም ተገድጃለሁና ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ላመስግንዎ። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ብስክሌት በከተማችን ሲያልፍ ልጆች «ዝሆኔ! ዝሆኔ!» እያሉ ተከትለው ይሮጡ ነበር፤ ዛሬ ግን መምህሩም፣ ጫት አመላላሹም፣ የሙሽራ አጃቢውም በዝሆኔ ስለሚሄድ ልጆቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ከእርስዎ ፕሮጀክት በፊት አንድም መሥሪያ ቤት አዲስ ነገርን በዚህ ፍጥነት ተራ ነገር ሲያደርግ አላየሁምና፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ተራ ነገርን ደግሞ የሚጠራጠረው የለም። ቅሬታዎቼን በቁጥር የምዘረዝረው ይህን ምስጋና ካስቀደምኩ በኋላ ነው።

1ኛ. ብስክሌቱ የተሞከረበትን መንገድ በተመለከተ። በምረቃው ዕለት እርስዎ ወልቂጤ ላይ ሙሉ ልብስዎን እንደለበሱ በኮብልስቶኑ ላይ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነድተው ሲወርዱ፣ ይህ ጎማ የማይረግጠው መሬት የለም ማለትዎን በስልክ በተላከልን ቪዲዮ ሰምተን አጨብጭበናል። ጎማው በኮብልስቶን ላይ እንደ ፍራሽ የሚመች መሆኑን ማንም አይክድም፤ በላይኛው ጠጠራማ መንገድም ቀጭኑ ጎማ እየተንሸራተተ ሲጥል ይህኛው ቆንጥጦ እንደሚይዝ ዛህራ ራሷ መስክራለች። ችግሩ ከወልቂጤ ኮብልስቶን እስከ መስቃን ጥቁር አፈር ድረስ ያለውን ምድር ሁሉ በእነዚያ ሠላሳ እርምጃዎች መለካትዎ ብቻ ነው።

2ኛ. ጥቁሩን አፈር በተመለከተ። አምና በሚያዝያ አንድ ሌሊት ብቻ ዘንቦ፣ መምህር ኡበይድ በማሳዎቹ መካከል ወዳለው ትምህርት ቤት ሲነዳ ጭቃው በጎማውና በብረቱ መካከል እንደ ሊጥ ተሞልቶ መንኮራኩሩን አቁሞታል። ጎማው ወፍራም በመሆኑ የሚሸከመውም ጭቃ የዚያኑ ያህል ነበር። ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ በርበሬ የሚተክሉት ሴቶች «መምህር፣ ዛሬ ተራው የእሷ ነው እንዴ?» እያሉ መሳቃቸውን የነገረን እሱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ እኔም ስቄአለሁ፤ አሁን ግን ምነው ባልሳቅሁ እላለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው ቢሮዎ ሌላ መንገድ መፈለግ የጀመረው።

3ኛ. የተገኘውን መንገድ በተመለከተ። ጎሚስታው ሙባሪክ የዛህራን ጎማ አየር ሲያስተነፍስላት፣ «እትዬ ባሂራ፣ ይቺ ነገር ነፍሷ የሚመለሰው አሸዋ ስታይ ነው» አለኝና ወዲያው ፊቱን ወደ ጎማው መለሰ። ፊቱን የመለሰበት ምክንያት ገብቶኛል። በእኛ አካባቢ አሸዋ ያለው ከተራራው ሥር ተነስቶ ወደ ቆላ በሚወርደው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ብቻ ነው። ቢሮዎም ይህን ደርሶበት፣ በወንዙ አፍ ላይ «ፈጣን መስመር» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ ተክሎ፣ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ወደ አርባ ደቂቃ አሳጥሮልናል። ጎማው እዚያ በእርግጥ ይበራል። ግራና ቀኙ ሁለት ሰው ቁመት ያለው የአፈር ግድግዳ ስለሆነ ነፋስ አያስቸግርም፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ግን ወደ ላይ የሚያወጣ ቦታ አንድ ብቻ ነው።

ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት ሔራን ስጋቴን ሳስረዳ፣ በትሕትና ፋይሉን ገልጣ «እትዬ፣ በጥናቱ እኮ ውሃ አልተገኘም» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ጥናቱ የተካሄደው በጥር ነው።

ባለቤቴ ሸረፋ ከዚያው ወንዝ አሸዋ እየዛቀ መኪና ላይ ይጭን ነበር። በ2006 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኔ ቡታጅራ በፀሐይ ላይ በርበሬ አስጥቼ ሳለሁ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ወረደበት። የተረፉት ጓደኞቹ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ከላይ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ቀጥሎ መንገድ በሌለበት የተጫነ ኤፍኤስአር መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ውሃው ሳይታይ በፊት ውሃው የሚገፋው ግንድና ድንጋይ ታየ። ሸረፋ ከእነሱ ጋር ግድግዳውን መውጣት ጀምሮ ነበር። ተመልሶ የወረደው አካፋውን ለማንሳት ነው። አካፋው የተውሶ ነበር።

4ኛ. ብስክሌት ተረካቢዎች የሚፈርሙትን ቃል ኪዳን በተመለከተ። በቅጹ በስድስተኛው መስመር «ብስክሌቱን በማንኛውም ሁኔታ ጥዬ አልሄድም» የሚል አለ። ለንብረት ያለዎትን ተቆርቋሪነት አደንቃለሁ። ዛህራ በዚህ ቅጽ ላይ ፈርማለች፤ አንብባ፣ ተረድታ፣ በጥሩ ጽሕፈት ፈርማለች። ቅጹን ለማርቀቅ የተቀመጡት ሰዎች ምናልባት እንደ ብዙ ሰው ፈርሞ የሚረሳን ሰው አስበው ይሆናል። ይህች ግን የሸረፋ ልጅ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ውሃ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ ወደ መውጫው ብስክሌቱን እየገፋች እንደምትሮጥ ነገረችኝ። ጥለሽው አትወጪም ወይ ብላት፣ «እማ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው» አለችኝ። አባቷም ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነበርና እሷን መከራከር ትቼ ለእርስዎ ልጽፍ ተነሳሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ብዙ አይደለም። አረንጓዴው ሰሌዳ እስከ መስከረም መጨረሻ ይነቀልልን። ዛህራና ጓደኞቿ በላይኛው መንገድ ይሂዱ፤ ሁለት ሰዓት ይፍጅባቸው፤ ክትባት የሚጠብቁት እናቶች ለዘመናት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸውና ሁለት ሰዓት አያስቀይማቸውም። ሦስተኛውና ዋናው ልመናዬ፣ በቅጹ ስድስተኛ መስመር ላይ «ውሃ ካልመጣ በስተቀር» የሚሉ ሦስት ቃላት በእጅዎ ጽሑፍ እንዲጨመሩ ነው። እኔ እናቷ ቃልሽን አፍርሺ ብላት እሺ አትለኝም። ከቃሏ ሊፈታት የሚችለው ቃሉን የተቀበላት ሰው ብቻ ነው።

ይህን ካደረጉ ብስክሌትዎ ሊጠፋ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሐዘኑም ቀላል እንደማይሆን እገምታለሁ። ቢሆንም ወንዙ ከሦስት መንደር በታች የወሰደውን መልሶ የማስቀመጥ ልማድ ስላለው፣ ብስክሌቱን እኔ ራሴ ወርጄ እንደምፈልግልዎ ቃል እገባለሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ።

መልካም ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ መንገድዎ ሁልጊዜ እንደ ወልቂጤው ኮብልስቶን የተመቸ፣ ከበላይዎም ያለው ሰማይ እንደ ጥር የጠራ ይሁንልዎ ዘንድ ከልብ የምለምን፣

የዘወትር አክባሪዎ
ባሂራ ሰይዶ
በርበሬ ተራ፣ ከጎሚስታው አጠገብ

ማስታወሻ፦ ከብስክሌቶቹ ጋር የመጣውን በአማርኛ የተዘጋጀ የአጠቃቀም መመሪያ ቢሮዎ ሳይገልጠው በጆንያ ለመጠቅለያነት ስላወጣው፣ ከግንቦት ጀምሮ በርበሬ የምጠቀልለው በእሱ ነው። በዚህ ምክንያት ከአስተባባሪው በቀር መመሪያው ያልደረሰው የከተማችን ነዋሪ ጥቂት ነው። ገጽ አሥራ አንድን ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ የበርበሬ ቅባት ቢነካውም «በዝናብ ወቅት በወንዝ መውረጃ ውስጥ ፈጽሞ አይንዱ» የሚለው ይነበባል። ይህን የምጽፈው በፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው። ተራራው ግን ከጠዋት ጀምሮ አይታይም። ነገ ዓርብ ነው።