ፍም የሌለው ምድጃ

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ በድሪ፣

አሰላሙ አለይኩም። የሶቪየት ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን እንዳልል እማ ደህና አይደለችም። ሐኪሙ «ከማገዶ ጭስ ካልራቀች ዓይኗ ይጠፋል» ብሏል። አንተ ደግሞ «ትምህርቴን ጨርሼ እስክመጣ የሃይድሮጂን ምድጃዬን እንዳትነኪ» ትላለህ። መጠበቅ አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። ነካሁት!

እንዳሳየኸኝ የአመድ ውኃ አጥልዬ፣ የመኪና ባትሪ አገናኝቼ፣ ጋዙን ከሚኤሶ ሾፌሮች በለመንኩት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ውስጥ አጠራቀምኩ። ባትሪውን የሚሞሉልኝ ጋሽ ዘገየ ናቸው፣ በጋራዣቸው የናፍጣ ሞተር። ጭስ የሌለው እሳት ለመሥራት ናፍጣ አቃጥላለሁ፤ አትሳቅብኝ! ማታ ያበጠው ከመነዳሪ ደግሞ ጠዋት ተልፈስፍሶ ይጠብቀኛል። ይሄ ጋዝህ ምን ዓይነት ሌባ ነው? በየት እንደሚሾልክ እንኳ አይታወቅም። አንጀቴ አረረ።

ቅዳሜ ግን ሳያመልጠኝ በጠራራ ፀሐይ ለኮስኩት። ይኼኔ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ እንደ ልማዳቸው ገል ይዘው ከች አሉ። «መይሙና፣ እሳት ልጫር!» አሏት እማን።

እማ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ጭስ የለ፣ ፍም የለ። «ገና አልተያያዘም» ብላ እጇን ስትሰድ ጣቶቿን ለበለባት። የሃይድሮጂን እሳት በቀን እንደማይታይ ምናለ ብትነግረኝ? ያስለቀሳት ግን ቃጠሎው አይደለም። «ያ ረቢ! ዙህራ፣ ዓይኔ ጠፋ ማለት ነው? እሳት ማየት አቃተኝ» አለችኝ።

«እኔም አላየውም እማ፣ ወላሂ አላየውም!» ብላት ማን ይመነኝ። ሲጨንቀኝ ጨው ዘግኜ በተንኩበት። ቢጫ ሆኖ ቦግ አለ። «አየሁት! አየሁት!» እያለች እንደ ሕፃን ሳቀች። እትዬ ጥሩነሽ ገሉን እንደያዙ አማተቡ። ወዲያው የከመነዳሪው ጋዝ አለቀና እሳቱ ጠፋ። ለእሳቸው የሚጫር አንዲት ፍም እንኳ አልተረፈም። እማ በተቃጠለ እጇ እንጨት ማገደች።

በድሪ፣ ይሄ ጋዝ የማያመልጥበትን ዕቃ እዚያ አገር ካወቁት ቶሎ ጻፍልኝ። ካላወቁትም ዝም ብለህ ና። እኔ ነገም ባትሪውን ተሸክሜ ጋራዥ እሄዳለሁ፣ መቀመጥ አልሆነልኝም። እማ እሳቱንስ አይታዋለች። አንተን ሳታይ እንዳይመሽባት ነው የምፈራው።

እረፍት ያጣችው እህትህ
ዙህራ